ሁለት መዝገብ ያላት ከተማ፦ የታኮማ ፓርክ የምርጫ ጉዳይ

ታኮማ ፓርክ ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር የምትዋሰን ትንሽ የሜሪላንድ ከተማ ናት። በ2020 ቆጠራ የነዋሪዋ ብዛት 17,600 ገደማ ነበር። ከሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ስለሆነች በዚያ አካባቢ የኖረ ሀበሻ ቢያንስ ስሟን ያውቃል። በዚህች ከተማ የአሜሪካ ዜግነት የሌለው ነዋሪ ከንቲባውንና የምክር ቤት ተወካዩን ይመርጣል። የ16 ዓመት ልጅም ይመርጣል። የመጀመሪያው መብት ከታወጀ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ሁለተኛው ደግሞ ከ10 ዓመት በላይ።

ስለ ታኮማ ፓርክ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ሕጉ ድፍረት ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን መዝገቡ ነው። እንዲመርጡ ከተፈቀደላቸው የውጭ ዜጎች መካከል ተመዝግበው ድምፅ የሚሰጡት ጥቂቶች ናቸው። ይህ ለምን ሆነ? ለዚህ መልስ ለማግኘት የከተማዋን ምርጫ ከሥሩ ጀምሮ፣ ማን እንደሚመዘገብ፣ የት እንደሚመዘገብ፣ በየትኛው ወረቀት እንደሚመዘገብ ማየት ያስፈልጋል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው ከድንበር ማስመር ነው

በ1990 የሕዝብ ቆጠራ ተካሄደ። አሜሪካ ውስጥ ቆጠራ ባለቀ ቁጥር የምርጫ ክልሎች ድንበር እንደገና ይሰመራል። ታኮማ ፓርክም ዎርድ በሚባሉ ክፍሎች የተከፋፈለች ናት፤ ዛሬ ስድስት ዎርዶች አሏት። እያንዳንዱ ዎርድ አንድ የምክር ቤት አባል ይመርጣል። ከንቲባውን የሚመርጠው የከተማው መራጭ በሙሉ ነው። ዎርዶቹ በሕዝብ ብዛት መቀራረብ አለባቸው። በዚህ ስሌት ሕፃኑም ሽማግሌውም፣ ዜጋውም ስደተኛውም እኩል ይቆጠራል።

ድንበሩን እንዲያስተካክሉ የተመደቡት ሰዎች ሥራቸውን ሲሠሩ አንድ ነገር ዓይናቸው ውስጥ ገባ። ዎርዶቹ በነዋሪ ብዛት እኩል ናቸው። በመራጭ ብዛት ግን በጣም ይለያያሉ። አንዱ ዎርድ ውስጥ የራሳቸው ቤት ያላቸው ዜጎች ይበዛሉ። ሌላው ውስጥ ደግሞ ከሌላ አገር መጥተው አፓርታማ የተከራዩ ሰዎች ይበዛሉ። እነዚህ ሰዎች ለቆጠራው ሰው ናቸው፤ ለምርጫው ግን የሉም። ስለዚህ የአንዱ ዎርድ ተወካይ ምክር ቤት ለመግባት ብዙ ድምፅ ሲያስፈልገው፣ የሌላው በትንሽ ድምፅ ይገባል። ወንበራቸው ግን እኩል ነው።

እዚህ ላይ ሁለት መንገድ ነበር። ነገሩን እንዳላዩ ማለፍ አንዱ ነው። ብዙ ከተሞች ዛሬም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። የታኮማ ፓርክ ሰዎች ግን ጥያቄውን ወደ አደባባይ አወጡት። "ሼር ዘ ቮት" (ድምፁን እናካፍል) የሚል ዘመቻ ተነሳ። ከአራማጆቹ አንዱ ያኔ የሕግ መምህር የነበረው የከተማዋ ነዋሪ ጄሚ ራስኪን ነው። ዛሬ በኮንግረስ የሜሪላንድ ስምንተኛ ዲስትሪክት ተወካይ ነው።

የዘመቻው ክርክር ቀላል ነበር። እነዚህ ሰዎች እዚሁ ይኖራሉ። ግብር ይከፍላሉ፤ ቤት ያለው በቀጥታ፣ ተከራዩ ደግሞ በኪራዩ ውስጥ። ልጆቻቸው በከተማው መንገድ ይሄዳሉ፣ በከተማው ቤተ መጻሕፍት ያነባሉ። የከተማው ምክር ቤት የሚወስነው ደግሞ ስለ ጦርነትና ሰላም አይደለም። ስለ ቆሻሻ አነሳስ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ከተማው ፖሊስ፣ ስለ ቤት ኪራይ ነው። ታኮማ ፓርክ ከ1981 ጀምሮ የኪራይ ጭማሪን የሚገድብ ሕግ አላት። ይህ ሕግ ከማንም በላይ የሚነካው አፓርታማ ውስጥ ያለውን ስደተኛ ነው።

የታሪክ ማስረጃም ነበራቸው። በአሜሪካ ብዙ ስቴቶች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዜጋ ያልሆኑ ሰዎችን ያስመርጡ ነበር። ይህን በመጨረሻ ያቆመው አርካንሳስ ነው፤ እሱም በ1926። ሜሪላንድ ውስጥም ባርንስቪል የምትባል ትንሽ መንደር ከዚህ ሁሉ በፊት ጀምሮ ነዋሪዎቿን ዜግነት ሳትጠይቅ ታስመርጥ ነበር።

ተቃዋሚዎቹም ባዶ እጃቸውን አልመጡም። መምረጥ የዜግነት ትልቁ ምልክት ነው፣ መምረጥ የሚፈልግ ዜጋ ይሁን አሉ። ይህን ክርክር ማጣጣል ልክ አይመስለኝም። ለዓመታት ወረፋ ጠብቆ፣ ፈተና ተፈትኖ፣ እጁን አንስቶ የማለ ሰው ድምፁን እንደ ሽልማት ቢያየው ይገባዋል። ሆኖም ክርክሩ የሚጠነክረው ስለ ፕሬዚዳንትና ስለ ኮንግረስ ሲሆን ነው። የሰፈሩን መብራትና የኪራይ ጣሪያ የሚወስን ሰው ስለ መምረጥ ሲሆን ይላላል።

ኅዳር 1991 ላይ ጥያቄው ለመራጩ ቀረበ። ውጤቱ አስገዳጅ አልነበረም፤ ምክር ቤቱ የሕዝቡን ሐሳብ እንዲያውቅ ብቻ ነው። 1,199 ደገፉ፣ 1,107 ተቃወሙ። ልዩነቱ 92 ድምፅ ነው። ድምፅ የሰጡት በሙሉ ዜጎች ነበሩ፤ ያላቸውን ነገር ለሌለው ጎረቤት ለማካፈል ነው የመረጡት። ምክር ቤቱም የካቲት 1992 ላይ የከተማዋን ቻርተር፣ ማለትም መተዳደሪያ ሕጓን፣ አሻሻለ። ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጡት በ1993 የከተማ ምርጫ ነው።

ትንሽ ከተማ ይህን የማድረግ ሥልጣን ከየት አመጣች?

ይህ ጥያቄ ብዙ ሰው ያደናግራል። አሜሪካ ውስጥ ምርጫን የሚመራ አንድ አገር አቀፍ ቦርድ የለም። ስቴቶች የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ሜሪላንድ ደግሞ በሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 11-ኢ ለከተሞቿ ሰፊ የራስ አስተዳደር ሰጥታለች። ከተማው የራሱን ቻርተር ራሱ ያሻሽላል። የከተማው ምርጫ ላይ ማን እንደሚመርጥ የሚጻፈውም እዚያው ቻርተር ውስጥ ነው። የስቴቱን ፈቃድ አይጠይቅም።

አሠራሩን ልብ በሉት። ምክር ቤቱ የማሻሻያ ውሳኔ ያሳልፋል። ውሳኔው ለሕዝብ ይለጠፋል። ከዚያ በ50ኛው ቀን ሕግ ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ 40 ቀናት ውስጥ ከከተማው መራጮች 20 በመቶው ተቃውሞ ከፈረሙ ግን ጉዳዩ ወደ ሕዝበ ውሳኔ ይሄዳል። ማለትም ምክር ቤቱ ሕዝቡን ረግጦ ማለፍ አይችልም፣ ጥቂት ተቃዋሚም ምክር ቤቱን ማሰር አይችልም።

ይህን ሥርዓት አለማወቅ ምን እንደሚያስከትል ጎረቤቷ ኮሌጅ ፓርክ አሳይታለች። በ2017 ምክር ቤቱ ተመሳሳይ ማሻሻያ ላይ 4 ለ3 ድምፅ ሰጠ፣ አንድ አባል ድምፀ ተአቅቦ አደረገ። አለፈ ተብሎ ታወጀ፤ ዜናው አገር አዳረሰ። ከቀናት በኋላ ግን ምክር ቤቱ ራሱ በቅርቡ ባወጣው ደንብ ለቻርተር ማሻሻያ ስድስት ድምፅ እንደሚያስፈልግ ታወቀ። ማሻሻያው ወደቀ።

የከተሞች ሥልጣን ግን ከስቴት ስቴት ይለያያል። የኒውዮርክ ከተማ በ2021 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታ ነበር። የስቴቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መጋቢት 2025 ላይ ከስቴቱ ሕገ መንግሥት ጋር ይጋጫል ብሎ ሻረው። የቬርሞንት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ የሞንትፒሊየር ከተማን ተመሳሳይ ሕግ በ2023 አጸና። ስለዚህ ታኮማ ፓርክ የሠራችው ነገር ሌላ ቦታ ተገልብጦ ይሠራል ማለት አይቻልም።

ሁለቱ መዝገቦች

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

ታኮማ ፓርክ ውስጥ የመራጮች መዝገብ ሁለት ነው። የመጀመሪያው የስቴቱ ነው። የሞንትጎመሪ ካውንቲ የምርጫ ቦርድ ዓመቱን ሙሉ ይመዘግባል፤ ስምና አድራሻ ሲቀየር ያስተካክላል። የከተማው ነዋሪ የሆነ ዜጋ እዚህ አንዴ ከተመዘገበ በቃው። ፕሬዚዳንቱንም፣ ገዥውንም፣ የከተማውን ከንቲባም የሚመርጠው በዚሁ ምዝገባ ነው። ከተማው በመዝገቡ ላይ ያሉትን የራሱን ነዋሪዎች ዝርዝር ከካውንቲው ወስዶ ይጠቀማል። እንደ ኢትዮጵያ የምዝገባ ሰሞን ተጠብቆ፣ ጣቢያ ተሂዶ፣ የመራጭነት ካርድ የሚወሰድበት አሠራር አይደለም። በምርጫው ቀን ስምና አድራሻ ይጠየቃል፣ መዝገቡ ላይ ይታያል፣ አብዛኛው ሰው መታወቂያ እንኳ አያሳይም።

ሁለተኛው መዝገብ የከተማው የራሱ ነው። ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ የሚመዘገበው እዚህ ነው። ቅጹም ሌላ ነው፣ ቢሮውም ሌላ ነው። ቅጹን የሚሰጠውና የሚቀበለው የከተማው ጸሐፊ ቢሮ ነው፤ ወደ ካውንቲው አይሄድም። ግሪን ካርድ አለህ ወይ፣ በምን ቪዛ ገባሽ የሚል ጥያቄ የለም። ታኮማ ፓርክ ከ1985 ጀምሮ ሠራተኞቿና ፖሊሶቿ የነዋሪን የኢሚግሬሽን ሁኔታ እንዳይጠይቁ የሚያደርግ ሕግ አላት። ምዝገባው የሚፈልገው የከተማው ነዋሪ መሆንን፣ ዕድሜንና ማንነትን ማረጋገጥ ነው።

ለምን ሁለት ሆነ? ዜጋ ያልሆነ ሰው በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠቱ ወንጀል ነው። በ1996 የወጣው የፌዴራል ሕግ እስከ አንድ ዓመት እስራት ያስቀጣል ይላል። ያው ሕግ ግን በር ትቷል። የአካባቢው ሕግ ከፈቀደና የአካባቢው ምርጫ ከፌዴራሉ ተለይቶ ከተካሄደ፣ ዜጋ ያልሆነው ሰው የፌዴራል ተወዳዳሪዎችን ለመምረጥ ዕድል የማያገኝበት ሆኖ ከተደራጀ፣ መምረጥ ይችላል። ስለዚህ ከተማው ሁለቱን መለየት አለበት። የድምፅ መስጫ ወረቀቱም ለየብቻ፣ ዝርዝሩም ለየብቻ።

ችግሩ የሚወለደው ከዚሁ ጥንቃቄ ነው። አስቡት። ከተማው ማንንም ዜግነትህ ምንድን ነው ብሎ በክፉ አይጠይቅም። ነገር ግን ዜጋ ያልሆነው ሁሉ አንድ ለብቻው በተቀመጠ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ስሙ እዚያ መኖሩ ብቻውን ዜጋ አለመሆኑን ይናገራል። የመራጮች ዝርዝር ደግሞ በባሕሪው ተቆልፎ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። ተወዳዳሪዎች ቤት ለቤት ሲቀሰቅሱ የሚይዙት የመራጮችን ዝርዝር ነው። ሕጋዊ ወረቀት የሌለው ሰው፣ ወይም ጉዳዩ በእንጥልጥል ያለ ሰው፣ ስሙን እዚህ ላይ ከማስፈሩ በፊት ሁለቴ ቢያስብ ማን ይፈርድበታል? ሳን ፍራንሲስኮ ለትምህርት ቤት ቦርድ ምርጫ ተመሳሳይ መብት ስትሰጥ፣ የሚሰጡት መረጃ ለኢሚግሬሽን ባለሥልጣናት ሊደርስ እንደሚችል ለነዋሪዎቿ በግልጽ ማስጠንቀቅ ነበረባት።

ይህ እንግዲህ የከተማውም፣ የተመዝጋቢውም ጥፋት አይደለም። ሕጉ መለየትን ያዛል፤ መለየቱ ደግሞ ሰውን ያጋልጣል። በታኮማ ፓርክ በከተማው መዝገብ ላይ የሰፈሩት ሰዎች ቁጥር ባለፉት ምርጫዎች ከጥቂት መቶዎች አልዘለለም። ከነዚያም ውስጥ በምርጫው ቀን የሚመጡት ጥቂቱ ናቸው። ፍርሃት ብቻ አይደለም ምክንያቱ። ተከራይ ቶሎ ቶሎ ቤት ይቀይራል፤ ከተማዋ ትንሽ ስለሆነች ሁለት መንገድ ተሻግሮ ቤት የተከራየ ሰው ከከተማው ወጥቷል ማለት ነው። ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው ስለ ምክር ቤት ስብሰባ የሚሰማበት ጊዜ የለውም። ብዙው ደግሞ ጭራሽ መብቱ እንዳለው አያውቅም። ሀበሻው ዘንድ ገና ዜግነት ሳላገኝ ምርጫ ምን አገባኝ የሚለው ነገር የተለመደ ነው። ታኮማ ፓርክ ውስጥ ግን ያገባዋል።

አንድ ቅር የሚያሰኝ ነገርም አለ። ብዙ ስደተኛ ወላጅ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው የልጁ ትምህርት ቤት ነው። የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ግን በከተማው ሥር አይደሉም፤ በካውንቲው ሥር ናቸው። የካውንቲውን የትምህርት ቦርድ የሚመርጠው ዜጋ ብቻ ነው። መብቱ የተሰጠው ኪራይና መንገድ ላይ ነው፤ ወላጁን እንቅልፍ የሚነሳው ጉዳይ ላይ አይደለም።

የ16 ዓመቶቹ

ግንቦት 2013 ላይ ምክር ቤቱ የመምረጫ ዕድሜን ከ18 ወደ 16 አወረደ። ድምፁ 6 ለ1 ነበር። ሐሳቡን ያቀነቀነው ቲም ሜል የተባለ የምክር ቤት አባል ነው። ወጣቶቹም ራሳቸው ስብሰባ ላይ መጥተው ተከራከሩ። ታኮማ ፓርክ በአሜሪካ ይህን ያደረገች የመጀመሪያዋ ከተማ ሆነች። ሌላዋ የሜሪላንድ ከተማ ሃያትስቪል በ2015 ተከተለቻት።

በዚያው ሰሞን ሁለት ሌሎች ነገሮችም ተሻሻሉ። የመጀመሪያው በምርጫው ቀን መመዝገብ መቻል ነው። ስቴቱ ይህን የፈቀደው በ2018 ሕዝቡ ድምፅ ከሰጠበት በኋላ ስለሆነ ከተማዋ ቀድማዋለች። ሁለተኛው ከባድ ወንጀል ፈጽሞ ከእስር የወጣ ሰው፣ አመክሮ ላይ ቢሆንም እንኳ፣ በከተማው ምርጫ እንዲመርጥ ነው።

ኅዳር 2013 ላይ ውጤቱ ታየ። ከተመዘገቡት የ16 እና የ17 ዓመት ልጆች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት መጥተው መረጡ። ከ18 ዓመት በላይ ከሆኑት ተመዝጋቢዎች የመጣው ግን 10 በመቶ ገደማ ነው። ቁጥሩን ሲያዩ አለማጋነን ያስፈልጋል፤ የተመዘገቡት ልጆች ከመቶ ብዙም የማይበልጡ ነበሩ፣ ነገሩም አዲስ ስለነበር ጉጉት ነበረው። ቢሆንም ልጆቹ ምን ያውቃሉ ላለው ሰው ጥሩ መልስ ነው። የ16 ዓመት ልጅ ገና ቤቱ ነው፣ ወላጆቹም የሰፈሩ ሰው ናቸው፣ ትምህርት ቤቱም ስለ መንግሥት እያስተማረው ነው። በ18 ዓመቱ ግን ለኮሌጅ ከተማ ቀይሮ ይሄዳል፤ የመጀመሪያ ምርጫው ከማያውቀው ቦታ ጋር ይገጣጠማል።

ከምዝገባ አንጻር ዜጋ የሆኑት ልጆች ዕድለኞች ናቸው። ሜሪላንድ ከ16 ዓመት ጀምሮ በስቴቱ መዝገብ ቀድሞ መመዝገብን ትፈቅዳለች። ስለዚህ እነሱ የሚገቡት በተለመደው ቅጽ፣ በትልቁ መዝገብ ነው፤ 18 ሲሞሉ ለሌላውም ምርጫ ዝግጁ ናቸው። የማንንም ዓይን የሚስብ የተለየ ዝርዝር ላይ አይቀመጡም። ሁለቱ ቡድኖች፣ ወጣቶቹና ስደተኞቹ፣ ሕጉ ላይ እኩል መብት አላቸው። ወረቀቱ ላይ ግን አንዱ የገባበት በር ሰፊ ነው፣ የሌላው ጠባብ። የመራጭ ቁጥራቸው መለያየቱ ከዚህ ጋር አይገናኝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

የምርጫው ቀን

በታኮማ ፓርክ ምርጫ ፓርቲ የለም። ተወዳዳሪው በስሙ ይቀርባል። መስከረም አካባቢ የእጩዎች ማቅረቢያ ስብሰባ ይደረግና ነዋሪ ተነስቶ እገሌን እጠቁማለሁ ይላል፣ ሌላው ደግሞ ይደግፋል። ጠቋሚና ደጋፊ ጎረቤት ያለው ሰው ለመወዳደር ባለሀብት መሆን አይጠበቅበትም።

አመራረጡም የራሱ መልክ አለው። በ2005 ከመራጩ 84 በመቶው በደገፈው ሐሳብ መሠረት መራጭ ተወዳዳሪዎቹን በደረጃ ያስቀምጣል፤ አንደኛ ምርጫዬ እገሌ፣ ሁለተኛ እገሊት እያለ። ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ ትንሽ ድምፅ ያገኘው ይወጣና ድምፆቹ መራጮቹ ሁለተኛ ላስቀመጡት ይተላለፋሉ። አሸናፊ እስኪገኝ ይቀጥላል። ድምፄ ይባክናል ብሎ የሚወደውን ሰው ለሚተው መራጭ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

እስከ 2017 ድረስ የከተማው ምርጫ የሚካሄደው በጎዶሎ ቁጥር በሚያልቁ ዓመታት ነበር። ፕሬዚዳንትም ገዥም በማይመረጥበት ዓመት ማለት ነው። ስለዚህ ሰው አይወጣም። ከተማዋም ሕዝቡን አማክራ ምርጫውን በሙሉ ቁጥር ወደሚያልቁ ዓመታት አዛወረች፤ በ2017 የተመረጠው ምክር ቤት ሦስት ዓመት እንዲሠራ ተደርጎ የመጀመሪያው ኅዳር 2020 ላይ ሆነ።

ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ግን የ16 ዓመቱ ልጅ፣ ዜጋ ያልሆነው ነዋሪ፣ በደረጃ የሚሞላው ወረቀት፣ ሁሉም ከስቴቱ ምርጫ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ አይገቡም። ስለዚህ በአንድ ቀን ሁለት ምርጫ መካሄድ ነበረበት። በዚያ ላይ ኮቪድ መጣ። ከተማው ለተመዘገበው ሁሉ የድምፅ መስጫ ወረቀት በፖስታ ላከ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ፖስታ ተገኘ፤ የስቴቱና የከተማው። የከተማው የሚመለሰው ወደ ከተማው ሣጥን ነው፣ የስቴቱ ወደ ካውንቲው። ይህን ለማስረዳት ብዙ ማስታወቂያ አስፈልጓል። የመራጩ ቁጥር ግን በግልጽ ከፍ አለ፤ ወረቀቱ ቤቱ ድረስ ሲመጣለት ሰው ይመርጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አትርሱ። ወረቀቱ የሚላከው መዝገብ ላይ ላለ ሰው ነው። ያልተመዘገበው ሰው ፖስታውም አይመጣለትም፣ ምርጫ መኖሩንም ላይሰማ ይችላል። የፖስታ ምርጫው የተመዘገበውን ጠቀመ፤ ካልተመዘገበው ጋር ያለውን ልዩነት ግን አሰፋው።

ቅጹን ለመሙላት ለሚያስብ ሰው

እዚያ የሚኖርና ዜግነት ያላገኘ አንባቢ ካለ፣ ይህን ክፍል ረጋ ብሎ ያንብብ። ትልቁ አደጋ ያለው ሁለቱን መዝገቦች ማምታታት ላይ ነው።

መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ወይም ስታድሱ መራጭ ሆናችሁ መመዝገብ ትፈልጋላችሁ ወይ ተብላችሁ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ያ የስቴቱ መዝገብ ነው። ዜጋ ካልሆናችሁ መልሱ አልፈልግም ነው። ታኮማ ፓርክ ፈቅዳልኛለች ብሎ እዚያ ላይ መፈረም ዜጋ ነኝ ብሎ በሐሰት ማረጋገጥ ይሆናል። ይህ ደግሞ ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል፤ አላወቅሁም ማለት ብዙ ጊዜ አያድንም። የእናንተ ቅጽ ከከተማው ጸሐፊ ቢሮ የሚገኘው ብቻ ነው። መንገድ ላይ ክሊፕቦርድ ይዞ የሚያስመዘግብ ሰው ካጋጠማችሁ፣ የያዘው ወረቀት የማን እንደሆነ አንብቡ። አብዛኛውን ጊዜ የስቴቱ ነው።

ሁለተኛው የዜግነት ማመልከቻው ነው። ኤን 400 የተባለው ቅጽ ለመምረጥ ተመዝግበህ ታውቃለህ ወይ፣ መርጠህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። በ2024 የወጣው እትም ዜጋ ያልሆነ ሰው እንዲመርጥ በሚፈቀድበት የአካባቢ ምርጫ በሕጋዊ መንገድ የመረጠውን ለይቶ ያስቀምጠዋል። ቅጹ በየጊዜው ስለሚቀየር ግን ስትሞሉ ያለውን እትም አንብቡ፤ በከተማው ምርጫ ተመዝግባችሁ ከሆነም ለኢሚግሬሽን ጠበቃችሁ ንገሩ። የሞላችሁትን የከተማ ቅጽ ቅጂ አስቀምጡ። በየትኛው መዝገብ እንደተመዘገባችሁ የሚያሳየው እሱ ነው።

ጉዳያችሁ ገና ያልተቋጨ፣ ጥገኝነት የጠየቃችሁ ወይም ወረቀት የሌላችሁ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ጠበቃ አማክሩ፣ ከዚያ ወስኑ። ምዝገባውን ያልፈለገ ሰው በከተማው ጉዳይ ላይ ሌላ መንገድ አለው። የምክር ቤቱ ስብሰባ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ነዋሪ ተነስቶ ሐሳቡን ይናገራል፣ ለተወካዩም ይጽፋል።

ግሪን ካርድ ያላችሁና ነገሩ ግልጽ የሆነላችሁ ግን የምትኖሩበት ሕንፃ በከተማው ወሰን ውስጥ መሆኑን አረጋግጡ። የፖስታ አድራሻችሁ ታኮማ ፓርክ ስለሚል ብቻ የከተማው ነዋሪ ናችሁ ማለት አይደለም፤ ያንን አድራሻ የሚጠቀሙ ከከተማው ውጭ ያሉ ሰፈሮችም አሉ። ከዚያ የመኖሪያ ማስረጃችሁንና መታወቂያችሁን ይዛችሁ ጸሐፊው ቢሮ ሂዱ። ቀድማችሁ ከተመዘገባችሁ ወረቀቱ በጊዜ ይደርሳችኋል። ከዘገያችሁም በምርጫው ቀን እዚያው ተመዝግባችሁ መምረጥ ትችላላችሁ።